«ጤናማ፤ ለጉዞ ብቁ»

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ የሚዞር ትርኢት ነው፤ ዶልፊን በእሳት ቀለበት ውስጥ ይዘላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። «ዶክተር፣ ፊቱን ይዩት፤ ደስ ብሎታል አይደል?» አለችኝ። የመንጋጋው አፈጣጠር እንጂ ፈገግታ አይደለም፣ ሲታመምም ሲሞትም ፊቱ ያው ነው አልኳት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1978 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻዋ ኦዴሳ ከተማ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የጅማ ልጅ ነኝ፤ ወንዝ ሲባል አዌቱን፣ የውሃ አውሬ ሲባል የቦዬን ጉማሬ ነበር የማውቀው። ባሕር ያየሁት እዚያ ነው። ሶቭየት ኅብረት በጥቁር ባሕር ዶልፊን ማደንን እ.ኤ.አ. በ1966 ከልክላ ነበር፤ ለትርኢት መያዙ ግን አልቀረም። በዕረፍት ጊዜዬ አንድ ተጓዥ ትርኢት ረዳት ፈልጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ በረዶ የሆነ ዓሣ ማቅለጥና መዝገብ መያዝ ነበር።

ገንዳው በብረት የተወጠረ ሸራ ነው። ሁለቱ ዶልፊኖች ጅራታቸውን ሦስት አራቴ ከመቱ ጥግ ይደርሳሉ። ውሃው ውስጥ ክሎሪን ይጨመራል፤ ክሎሪኑ ከሽንታቸው ጋር ሲዋሃድ ዓይን የሚያቃጥል ነገር ይወጣዋል። እኔ ዳር ቆሜ ዓይኔ ያለቅስ ነበር፤ እነሱ ቀንም ሌሊትም እዚያው ናቸው። ትንሿ ግራ ዓይኗን መክፈት አቅቷት ነበር። ጀርባዋም ተልጧል።

የጉዞው ቀን ሐኪሙ ቀረ። ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ «አንተ ጻፍ» አለኝ። «ዓይኗስ?» አልኩት። «ትኬቱ ተሽጧል» አለኝ። ከትምህርቴ ብባረር እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩ፦ «ጤናማ፤ ለጉዞ ብቁ።» ሦስት ቃል።

ቅባት ቀብተን፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰን በቃሬዛ ጫንናት። ባሕር ውስጥ ውሃው የሚሸከምላት ክብደት መኪና ላይ ሳንባዋን ይጫናታል። ከአናቷ መተንፈሻ ቀዳዳ የወጣው ትንፋሽ እጄን አሞቀው። መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ተማሩ፣ አንብቡ የሚለውን ወላጆቻችሁ ስለነገሯችሁ አልደግመውም። እኔ የምለምናችሁ ያያችሁትን እንዳያችሁት እንድትጽፉ ብቻ ነው። ነገ የእንስሳት ሐኪም ስትሆኑ ባለ ጋሪ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ይዞ መጥቶ «ለገበያ ቀን ይሠራል በሉልኝ» ይላችኋል። አትበሉ። እርግጥ እኔም «ቀላል ጭነት ብቻ» ብዬ የለቀቅኋቸው ፈረሶች አሉ፤ ሰውየው ልጆቹን በምን ያብላ? ለዚህ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁለትም። ለዶልፊኗ ግን መልሱ ያኔም ግልጽ ነበር፤ በእሷ ጉዞ የሚራብ ልጅ አልነበረም።

እናንተ ደግሞ ያልቀረጻችሁትን ነገር ያያችሁት አይመስላችሁም፤ ይህ ያሳስበኛል። በሽተኛ እንስሳ ፊት ቆሞ መጀመሪያ ስልክ ማውጣት ምን የሚሉት ልማድ ነው? ዓይኑን እዩ፣ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ይህን ስል ግን ኢንዶኔዥያ ተጓዥ የዶልፊን ሰርከሶች እ.ኤ.አ. በ2020 የቆሙት፣ የእንስሳት ተሟጋቾች ለዓመታት እየቀረጹ ስላሳዩም ጭምር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ያኔ ካሜራ አልነበረኝም። እስክሪብቶ ግን ነበረኝ።

ያቺ ተማሪ ነገ ተመልሳ ትመጣለች። የነገርኳት ስለ መንጋጋው ነው እንጂ ስለ መዝገቡ ገና አልነገርኳትም።