በጓደኛህ ቻርጅ አትጀምር

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ጥይት ቤቴ ራሴ ልሞላ ነው፣ ጓደኛዬ ለ.308 ዊንቸስተር (የጠመንጃ ጥይት አይነት) በ168 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ) አረር የሚሞላውን የባሩድ መጠን (ቻርጁን) ሰጥቶኛል በሱ ልጀምር ወይስ የራሴን ማክሲመም እንዴት ላግኝ ነው ያልከው። በሱ አትጀምር። ልጁ አልዋሸህም፣ ግን ያቺ ቁጥር የሱ በርሜል፣ የሱ ቀለህና የሱ ባሩድ ቁጥር ናት። ለምሳሌ የሚሊተሪ 7.62 ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ያው መጠን ባሩድ እዛ ውስጥ ሲገባ ፕሬሸሩ (ግፊቱ) ከፍ ይላል። ባሩዱም ላይ ተጠንቀቅ፣ ኤች 4350 እና አይኤምአር 4350 ቁጥራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ የተለያዩ ባሩዶች ናቸው።

እኔ የምሰራው እንዲህ ነው፣ ባሩዱን ወይ አረሩን ያመረተው ካምፓኒ ያወጣውን አዲስ ማንዋል አያለሁ (ሆጅደን ዌብሳይቱ ላይ በነፃ አለው)፣ መነሻ የሚለው ላይ እጀምራለሁ፣ ማክሲመም ብቻ ከሆነ የተጻፈው 10 በመቶ ቀንሼ። ከመነሻው በታች ደሞ አትውረድ፣ በተለይ ቀስ ብለው የሚነዱ ባሩዶች ሲያንሱም አደጋ አላቸው። ከዛ ለ.308 በ0.3 ግሬን በ0.3 ግሬን እየጨመርኩ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሞልቼ ሬንጅ ላይ ከታች ወደ ላይ እተኩሳለሁ፣ በየጥይቱ ቀለሁን አንስቼ እያየሁ። ቦልቱ (የጠመንጃው መዝጊያ) ሲከፈት ከከበደ፣ የቀለሁ ቂጥ ላይ የኤጀክተሩ (ቀለሁን ገፍቶ የሚያስወጣው ክፍል) የሚያብረቀርቅ ምልክት ከወጣ፣ ፕራይመሩ (ቂጡ ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ካፕ) ከተዳጠ ወይ ከተበሳ እዛው አቆማለሁ፣ ከዛ በላይ የተሞሉትን ቤት ወስጄ መፍታት ነው እንጂ "አንዴ ልሞክራት" የለም።

ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ጋ ነው፣ ፕራይመሩ ደህና ስለመሰለ ፕሬሸሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለስላሳ ፕራይመር ገና በትንሹ ይዳጣል፣ ጠንካራው ደሞ መስመሩን አልፈህም ዝም ሊልህ ይችላል። የ.308 ጣሪያ በሳሚ (የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ማህበር) ስታንዳርድ 62,000 ፒኤስአይ ነው፣ በአይን የሚታዩት ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ይሄ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚ ክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) ግዛ ወይ ተዋስ። መጽሐፉ በማክሲመም ያገኘውን ፍጥነት አንተ በትንሽ ባሩድ ካገኘኸው በቃ ደርሰሃል፣ ፕራይመሩ ምንም ይምሰል። በርሜልህ ከመጽሐፉ መሞከሪያ በርሜል ካጠረ ደሞ ፍጥነትህ ቢያንስም ባሩድ ጨምረህ ልታካክሰው አትሞክር፣ ያ ፍጥነት የጠፋው በርሜሉ ስላጠረ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ሚኒሶታ ጃንዋሪ ላይ ምንም ምልክት ያላሳየ ቻርጅ ኦገስት ላይ መኪና ውስጥ ሲጋል የዋለ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ማክሲመም አካባቢ ያለውን በሙቀት ሰአት ሞክረው። አረር ወይ ፕራይመር ወይ ቀለህ ከቀየርክ፣ አዲስ ሎት (የምርት ዙር) ባሩድ ከከፈትክም፣ ወደ ታች ወርደህ እንደገና ውጣ። የመዳብ አረር በተለይ በዛው ክብደት ረዘም ስለሚል ቀለሁ ውስጥ ቦታ ይወስዳል፣ የራሱን ዳታ ይፈልጋል።

በዛ ላይ ለአጋዘን ከሆነ የምትፈልገው ማክሲመሙን ምን ያደርግልሃል? የኔ ጠመንጃ ጥሩ ግሩፕ (ተቀራርቦ የሚመታ) የሚሰጠኝ ከጣሪያው በደንብ ዝቅ ብሎ ነው፣ እዛው ትቼዋለሁ። የባሩድህን ሙሉ ስም፣ የቀለህህን ማርክና የበርሜልህን ርዝመት እዚህ ጻፍልኝ፣ ማንዋሉን ከፍተን መነሻህን አብረን እናያለን።