ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሕክምናና ፋርማሲ ለምትማሩት ነው።

አናቶሚ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ክፍሉን ሁሉ ዝም የምታሰኝልኝ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነበረች። በውስጧ ግሊሰሪን ውስጥ የተቀመጠ የአይጥ ፅንስ አለ። ሥጋው በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ጠርቶ እንደ መስተዋት ያሳያል፤ አጥንቱ በአሊዛሪን ቀልቷል፣ ልም አጥንቱ በሌላ ቀለም ሰማያዊ ሆኗል። የእጅና የእግር አጥንት መጀመሪያ በልም አጥንት ይቀረፃል፤ ከዚያ ደም ሥር እየገባበት፣ ካልሲየም እየያዘ ከመሃሉ ይጠነክራል። የራስ ቅል ጣሪያ ግን በልም አጥንት ሳያልፍ ከስስ ሽፋን ላይ በቀጥታ ይሠራል። ቀዩ በሰማያዊው ላይ ቀን በቀን ሲሰፋ ማየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ወጣት ሳለሁ አንድ የዕፅዋት ጭማቂ ለነፍሰ ጡር አይጦች ሰጥቼ ፅንሶቻቸውን መረመርኩ። አንድም አጥንት አልጎደለም። «ፅንስን አይጎዳም» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ አንዲት ቃል ጨመሩበት፦ «የአይጥ»።

ለምን እንደጨመሩት የገባኝ የታሊዶማይድን ታሪክ ሳነብ ነው። መድኃኒቱ በምዕራብ ጀርመን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ተሸጠ። ለእንቅልፍ ነበር የወጣው፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ለማቅለሽለሽም ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ እዚያ ከገበያ ወጣ። በልዩ ልዩ አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት ተጎድተው ተወለዱ፤ ብዙዎቹ ክንዳቸው አጥሮ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ሳይኖራቸው። አይጥን ግን መድኃኒቱ እንዲህ አያደርጋትም፤ መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ሴሬብሎን የተባለ ፕሮቲን በአይጥ ላይ ከሰው በጥቂቱ ይለያል። ጥንቸል ብትመረመር ይታይ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱን ለመሸጥ የቀረበው ማመልከቻ የደረሳቸው ዶክተር ፍራንሴስ ኬልሲ በመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ገና አንድ ወር ገደማቸው ነበር። ኩባንያው ደጋግሞ ወተወታቸው፤ እሳቸው ማስረጃው አይበቃም ብለው ያዙት። አዲስ ሠራተኛ እንደነበሩ ልብ በሉልኝ። «አዲስ ነኝ» ብላችሁ ጥያቄ የምትውጡ ብዙ ናችሁና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የታሊዶማይድ አደጋ ከተፀነሰ በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ አንድ ክኒን እንኳ ይበቃል። ቀደም ብሎ ከተወሰደ ጆሮ፣ ትንሽ ቆይቶ ክንድ፣ ከዚያ እግር ይጎዳል። በእነዚያ ቀናት የእጅና የእግር ልም አጥንቱ እንኳ ገና አልተቀረፀም። እናትየዋ የወር አበባዋ ከቀረ ገና ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ «ድካም ይሆናል» ብላ ወደ መድኃኒት ቤት የምትመጣውም ያኔ ነው።

ዛሬ በእጃችሁ የሚያልፈው ሌላ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ለምሳሌ እንይ። በአገራችን በቁርጥማት ትኩሳት ልባቸው ተጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው ወጣት ሴቶች ይወስዱታል። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የፅንሱን የአፍንጫ አጥንት ሊያሰረጉድ፣ የአጥንቶቹን ጫፍ ሊያዥጎረጉር ይችላል። «አቁሚው» ብሎ መሸኘትም ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ንግግሩ ከእርግዝናው በፊት ይሁን፤ ወንበር ስባችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ልጅ መውለድ ታስብ እንደሆነ ጠይቋት። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣም ጠይቃችሁ ቀኑን ካርዷ ላይ ጻፉት።