እጥፋቱ ቆመህም ከተከፈተ ችግሩ የካውያ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አዲሱ ሱሪህ ወገቡ ላይ ያሉት እጥፋቶች ቀጥ ብለህ ስትቆምም ይከፈታሉ፤ ደጋግመህ ብትተኩሳቸውም አልተኛ አሉ። ሁለተኛው፣ በካውያ መስመር እያወጣህ ስትለብሰው የቆየኸው ጂንስ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ቀረበት፤ ብታጥበውም አልለቀቀም። ልብስ ስፌት ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ሁለቱንም ደህና አድርጌ አውቃቸዋለሁ።

ከእጥፋቱ ልጀምር። እጥፋት ለጌጥ ብቻ አይደለም። እዚያ የተቀመጠው ትርፍ ጨርቅ ነው። ስንቀመጥ ዳሌና ጭናችን ይሰፋል፤ ያኔ እጥፋቱ ይከፈትና ቦታ ይለቃል። ስንነሳ ደግሞ መልሶ ይዘጋል። ቆመህ ሳለ ከተከፈተ ግን ትርፉ ገና ሳትቀመጥ አልቋል ማለት ነው። ሱሪው ዳሌህ ላይ ጠቦሃል። የጎን ኪሶችህንም እያቸው፤ አፋቸውን ከፍተው የሚቆሙ ከሆነ ምክንያቱ ያው ነው። ብዙ ሰው ሱሪ ሲገዛ ወገቡን ብቻ ነው የሚለካው። ወገቡ ልክ ሆኖ ዳሌው የሚጠብ ሱሪ ሞልቷል።

ይህን ካውያ አያስተካክለውም። በእንፋሎት ታስተኛዋለህ፣ ለብሰህ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ተመልሶ ይከፈታል። አንዳንድ ሰው «እጥፋቱን ሰፍቶ መዝጋት ነው» ይላል። እባክህ እንዳታደርገው። የጠበበ ሱሪ ላይ ያለችውን ትርፍ መቆለፍ ነው፤ ስትቀመጥ ስፌቱ ይወጠራል፣ ጨርቁም ይጎዳል። ይልቅ ሱሪውን ገልብጠህ የኋላውን መሃል ስፌትና የጎኖቹን ስፌት ተመልከት። ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ካለ ልብስ ሰፊ ያሰፋልሃል። ከሌለ መቀየር ነው የሚሻለው። እጥፋቱ ወደ ዚፑ ዞረ ወደ ኪሱ፣ እሱ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ልኩ ከተስተካከለ ይተኛሉ።

ልኩ ሲስተካከል የፊቱን መስመር ማውጣት ቀላል ነው። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ስታነጥፍ የውስጡና የውጩ ስፌት አንዱ በአንዱ ላይ በትክክል ይረፉ። ያኔ መስመሩ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ፊት ለፊት ያለው ወደ ላይ ሄዶ ከዋናው እጥፋት ጋር ይገጥማል። የኋላው ግን ሁለቱ እግሮች በሚገናኙበት ከፍታ አካባቢ ይቁም፤ መቀመጫው ላይ መስመር አያምርም።

ሱፍ ከሆነ በላዩ ስስ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አድርግበት፤ አለዚያ ያብለጨልጫል። ካውያውን አትጎትተው። አሳርፈህ ተጫነው፣ አንሳው፣ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ተጫን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር አለ፤ ጨርቁ ሳይቀዘቅዝ ያነሱታል። ሙቀትና እርጥበት የሱፉን ክር ያላላዋል፤ ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ነው። ትኩሱን ካነሳኸው ድካምህ ገደል ገባ። ጥጥም በዚሁ መንገድ ይተኮሳል፣ ግን ሲታጠብ መስመሩ ይጠፋል። ፖሊስተር ሌላ ነው። በሙቀት የያዘውን ቅርጽ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ መስመሩ ተጣሞ ከወጣ ለማጥፋት ትቸገራለህ። መለያው ላይ ያለውን የካውያ ምልክት እይ፤ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጂንሱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ነጭ መስመር ቆሻሻ አይደለምና በማጠብ አይለቅም። የጂንስ ድሩ ሰማያዊ ነው፣ ማጉ ነጭ። ድሩም ቢሆን ቀለሙ የክሩን ላይ ላዩን ነው የሚይዘው፤ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መስመር ስታወጣበት ጨርቁ እዚያ ጋ ሹል ይሆናል። በአለባበስም በእጥበትም መጀመሪያ የሚፋቀው ያ ሹሉ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ሄዷል፣ የምታየው የክሩን ውስጥ ነው። ከጉልበት ኋላና ጭኑ አናት ላይ የሚታዩት የነጡ መስመሮችም የሚመጡት እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ እነሱን የሰራቸው የሰውየው አካሄድ ነው። ለዚህ ነው ያምራሉ የምለው።

በቀለም እስክሪብቶ መሙላት ይቻላል ይላሉ፤ እኔ አልመክርህም፤ ሰማያዊው ከጨርቁ ጋር እምብዛም አይገጥምም። መተኮሱን አቁምና ልበሰው። ዙሪያው እየነጣ ሲሄድ መስመሩ እንደ አሁኑ ጎልቶ አይታይም። ለሚቀጥለው ጂንስህ ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው፣ እርጥብ እያለ በእጅህ ወጥረህ አስጣው። ካውያ ብዙም አያስፈልገውም። የአሜሪካ ካውቦዮች ጂንሳቸውን ስታርች በሚባል የጨርቅ ማጠንከሪያ አድርቀው ስለት የመሰለ መስመር ያወጡበታል፤ እነሱ ግን አስበውበት የመረጡት መልክ ስለሆነ ያምርባቸዋል።

አንድ የቀረኝ፤ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ካሰፋው የድሮው ስፌት ምልክት ሊቀር ይችላል። ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ፣ መጀመሪያ ከውስጥ በኩል የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረህ፣ ጨርቅ ነክረህ ጠረግ ጠረግ አድርገውና ከላይ ጨርቅ ደርበህ ተኩሰው። ፖሊስተር የበዛበት ከሆነ ግን ይህም ላይሠራ ይችላል። መለያው ላይ ሱፍ ስንት በመቶ እንደሆነ አይተህ ጻፍልኝ፤ በዚያ ልክ እነግርሃለሁ።