ካሜራውን በጨለማ ፈትኚው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ ከተማ ውስጥ በነርስነት የማገለግል የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አዳር ስገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለሻይ ወደ ግቢው ወጣ እላለሁ። መብራት የጠፋበት ሌሊት ከሆነ ሰማዩ ላይ የማየውን በቃል ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ በስልኬም ሞክሬ አልሆነም። ስለዚህ 80,000 ብር አጠራቅሜ ያገለገለ ሚረርለስ ካሜራ ልገዛ ተነሥቻለሁ። ማንሳት የምፈልገው ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከበላዩ ከዋክብት ክብ ሠርተው ሲዞሩ፣ ከኮረብታው ላይ ሆኜ የተሽከርካሪዎችን የመብራት መስመር፣ እንዲሁም የቦዬን ውኃ በሌሊት ነው። ሁለት ካሜራ ቀርቦልኛል። አንደኛው የመጀመሪያው ሶኒ አልፋ 7 ሲሆን ከ28-70 ሌንሱ ጋር 75,000 ብር ነው። ባለቤቱ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ «ሹተሩ ገና 9,000 ነው የመታው» ይላል። ሁለተኛው ኦሊምፐስ ኦኤም-ዲ ኢ-ኤም10 ማርክ 2 ነው፤ ሁለት ሌንስ አለው፣ ዋጋው 45,000 ብር። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ትልቅ ሴንሰር ያለውን ግዢ» ይለኛል። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?

የሌሊት ተረኛዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ ከሹተሩ ቁጥር ልጀምር፤ ገንዘብሽን ሊወስድብሽ የቀረበው እርሱ ነውና። ያ ቁጥር ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ቪዲዮ ሲቀረጽ ደግሞ ሹተሩ አይመታም። የሠርግ ቀራጭ ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ እስከ አዳራሹ ፍጻሜ ካሜራውን እንዳበራ ሲውል ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ሴንሰሩ ግን ሲግል ይውላል። ሚረርለስ ማለት መስታወቱ የቀረለት ካሜራ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ የምታዪው ምስል በቀጥታ ከሴንሰሩ የሚመጣ ነው፤ ስክሪኑ በበራ ቁጥር ሴንሰሩ ሥራ ላይ ነው። አንቺ ለምትፈልጊው ፎቶ የሚያሳስበው ደግሞ ሴንሰሩ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ የቆየ ሹተር የሚቆጠርለት አንድ ምት ነውና 9,000 የሚለው ቁጥር ለአንቺ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። በአዳራሽ ውስጥ ለጭፈራ የሚበራው የሌዘር ጨረር በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ከገባ ሴንሰሩን በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል፤ ባለቀለም ቀጥ ያለ መስመር ወይም የማይጠፋ ነጠብጣብ ትቶ ያልፋል። ይህ ጉዳት ቀን በተነሳ የሙሽሮች ፎቶ ላይ ላይታይ ይችላል። ጥቁር ሰማይ ላይ ግን አይደበቅም።

ስለዚህ ሁለቱንም ካሜራዎች በጨለማ ፈትኚያቸው። ሻጩን «ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» በዪው፤ ሚሞሪ ካርድም የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። ካሜራውን አብሪና አሥር ደቂቃ ያህል ስክሪኑ እንደበራ አቆዪው፤ ሴንሰሩ ይሙቅ። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ግጠሚ፣ ፋይሉን በሮው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) አድርጊ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ላይ አቁሚ፣ ረጅም ፎቶ ላይ ኖይዝ (የምስሉን ነጠብጣብ) የሚቀንሰውን ማስተካከያ አጥፊና 30 ሰከንድ አንሺ። ቀጥሎ በባልብ፣ ሹተሩን እስከፈለግሽ ድረስ ከፍቶ በሚያቆየው አሠራር፣ አራት ደቂቃ አንሺ። ለሶኒው የገመድ ወይም የሪሞት መቆጣጠሪያ ያስፈልግሻል፤ ሻጩ ከሌለው ተውሰሽም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ። አራቱ ደቂቃ እየሄደ ሳለ የስልክሽን መብራት በሌንሱ መግጠሚያ ዙሪያ ቀስ አድርገሽ አዙሪ፤ በፎቶው ጠርዝ ላይ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ከታየ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት አለ ማለት ነው።

አሁን ፎቶውን እስከ መጨረሻው አጉልተሽ ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቺ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ቀይ በርበሬና ሰማያዊ ዱቄት የተበተነ የሚመስል ነገር ታያለሽ። ጥቂት ነጥብ በየትኛውም ካሜራ ላይ አለ፤ አትደንግጪ። ቦታው ሁሉ በነጥብ ከተሞላ፣ ነጥቦቹ በመስመር ከተሰለፉ ወይም አንዱ ጥግ ሐምራዊ ሆኖ ካበራ ግን ካሜራውን መልሺለት። ቀጥሎ የኖይዝ መቀነሻውን አብርተሽ የ30 ሰከንዱን ድገሚ። ካሜራው ፎቶውን ካነሳ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ዝም ይላል፤ ሹተሩን ዘግቶ ሁለተኛ ጥቁር ፎቶ እያነሳ ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ላይ እየቀነሰ ነው እንጂ አልተበላሸም። ይህን ባለማወቅ ደህና ካሜራ «ይቆማል» ብለው በርካሽ የሸጡ ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። ኦሊምፐሱ በሜኑው ውስጥ ፒክሰል ማፒንግ የሚባል ማስተካከያ አለው፤ የተበላሹትን ፒክሰሎች ፈልጎ በጎረቤቶቻቸው ይሸፍናል። ነጥብ ከበዛበት እርሱን አሠሪና እንደገና ፈትኚ።

ሁለቱም ፈተናውን አለፉ እንበል። የእኔ ምርጫ ኦሊምፐሱ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም።

ትልቅ ሴንሰር ይሻላል የሚሉሽ ሰዎች ትክክል ናቸው። የሶኒው ሴንሰር በስፋት ከኦሊምፐሱ አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ፍኖተ ሐሊብን በአንድ አጭር ፎቶ ለመያዝ ከሆነ ሶኒውን እመርጥልሽ ነበር። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ስለ ከዋክብት ዱካና ስለ መኪና መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው አልፋ 7 የሮው ፋይሉን መረጃ እየቀነሰ ነው የሚያጭቀው፤ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየውም ደማቅ መስመር ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። የኮከብ ዱካ ማለት ይኸው ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው አልፋ 7 ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ2015 ያልታጨቀ ሮው በሶፍትዌር ማሻሻያ ሲያገኝ የመጀመሪያው ሳያገኝ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኦሊምፐሱ ማርክ 2 ደግሞ ላይቭ ኮምፖዚት የሚባል አሠራር አለው። ሁሉንም በእጅሽ በምታስተካክዪበት በኤም ላይ አድርገሽ የሹተሩን ጊዜ ከ60 ሰከንድ አሳልፈሽ ስታዞሪ ታገኚዋለሽ። ካሜራው መጀመሪያ አንድ የመሠረት ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ በተከታታይ እያነሳ ከቀድሞው ይልቅ የበራውን ነጥብ ብቻ ይጨምርበታል። ኮከቡ በሄደበት ሁሉ መስመሩ ይረዝማል፤ የቤተ መንግሥቱ እንጨትና ግድግዳ ግን እንደነበረ ይቆያል፣ ሰማዩም አይነጣም። ይህን ሁሉ እየተሠራ ሳለ በስክሪኑ ላይ ታዪዋለሽ። አንድ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ በቁልቁለቱ ሲወርድ ቀዩ መስመር ከዓይንሽ ሥር ይሰመራል፤ ሲበቃሽ ትዘጊዋለሽ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሊቀጥል ይችላል፤ የሚቀድመው የባትሪው ማለቅ ነው።

ስለ ክቡ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጅሬን ወጥተሽ እንዳታዝኚ። ከዋክብት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ሙሉ ክብ ሠርተው የሚታዩባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ክንድሽን ዘርግተሽ ቡጢሽን አድማሱ ላይ ብታሳርፊ ኮከቡ ከቡጢሽ ጀርባ ይደበቃል፤ ኮረብታ ካለ ደግሞ ጭራሹን አይታይም። የእኛ ሰማይ ውበቱ ሌላ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ስታነሺ ከዋክብቱ ከመሬት ወደ ላይ ቀጥ ብለው እንደ ዝናብ ክር ይወጣሉ፤ ከመካከል በስተግራ ያሉት ወደ ሰሜን፣ በስተቀኝ ያሉት ወደ ደቡብ ጎበጥ ይላሉ። በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳሉ፤ አንድ ቡጢ ተኩል ነው። ከቤተ መንግሥቱ በስተምዕራብ ቆመሽ ሰገነቱን ከዚህ ሰማይ በታች ብታነሺው ከማንም ያልተቀዳ ፎቶ ይሆንልሻል።

አሁን ስለ ሌንሱ፤ በጅማ አየር ከካሜራውም ይልቅ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው። ሱቄን ሕርማታ አካባቢ በከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዝቼ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አድርጌ ሰኔ ላይ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። መስከረም ላይ ሳወጣው ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ መካከል የሚሄድ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ነጭ ሥር በቅሎበት አገኘሁት። በጨርቅ ብጠርገው አልነካ አለኝ፤ የበቀለው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ነበር። ሻጋታው የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ ተፈትቶ ቢጸዳም ጠባሳው ቀረ። ያ ሌንስ የሦስት ወር ገቢዬ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ሌንሶች ከካሜራው አውልቀሽ፣ የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል በሰያፍ አብርተሽ፣ ከፊት በኩል ተመልከቺ። አቧራ ምንም አይደለም። ሥር ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ግን ሌንሱን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ፤ ወደ ቤትሽም አትውሰጂው። ከገዛሽ በኋላ በቆዳ ማኅደር አታስቀምጪ። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ግዢና በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብዝተሽ ክተቺበት። ሩዝ የሚሉሽን አትስሚ፤ እምብዛም አይመጥም፣ ዱቄቱም ሌንስ ውስጥ ይገባል።

ኦሊምፐሱን ከገዛሽ 35,000 ብር ይቀርሻል። መጀመሪያ ከባድና ጠንካራ ትራይፖድ ግዢ፤ ነፋስ የሚያንቀጠቅጠው ትራይፖድ ላይ የተቀመጠ ምርጥ ካሜራ ዋጋ የለውም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያውን አጥፊ። ቀጥሎ ሁለት ትርፍ ባትሪ፤ መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ አድርጊያቸው። የቀረውን ለአንድ 12 ሚሊሜትር ኤፍ 2 (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ አጠራቅሚለት፤ በእጅ የሚስተካከለው የሳምያንግ ለዚህ ካሜራ የሚሆን አለው። የኦሊምፐስ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ በእርሱ ላይ 12ቱ እንደ 24 ይቆጠራል። ኮከብ ነጥብ ሆኖ እንዲቀር ስትፈልጊ 500ን ለ24 አካፍዪ፤ 20 ሰከንድ ያህል ይመጣል። በእኛ ሰማይ ግን ከአናታችን በላይ ያሉት ከዋክብት በጣም ፈጣኖቹ ስለሆኑ ከ12 ወይም ከ13 ሰከንድ አትለፊ። ፎከሱን ከጅሬን ሆነሽ ታች ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የሩቅ መብራት ላይ አጉልተሽ አስተካክዪ፤ ከዚያ ቀለበቱን አትንኪው።

ቦዬን በተመለከተ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ቦዬ ጉማሬ የሚታይበት ውኃ ነው፤ ጉማሬ ደግሞ ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው በሌሊት ነው። ወደ ዳርቻው አትውረጂ። ቦታውን በሚያውቅ ሰው ታጅበሽ ከመንገዱ ጠርዝ ሆነሽ አንሺ። ጅሬንም ቢሆን ብቻሽን አትውጪ፤ ቤተ መንግሥቱን ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር በቀን ተነጋግረሽ ፈቃድ ያዢ።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ጨረቃ የሌለባቸው ሌሊቶች ናቸው። በዚያ ወቅት ጤዛው ብርቱ ነው፤ ሌንሱን በየአሥር ደቂቃው በስልክ መብራት እያየሽ ጉም ከሸፈነው ጥረጊው። ፍኖተ ሐሊብ በደማቁ ወገኑ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምሥራቅ ከአድማሱ በላይ ይታያል። አንቺ በዚያ ሰዓት መንቃት ልማድሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሟች አባቴ የተወልኝ ዜኒት ካሜራ አለ። የ58 ሚሊሜትር ሌንሱን በሚረርለስ ካሜራ ላይ ገጥሜ በሌሊት ማንሳት እችላለሁ?

ከአጋሮ

መልስ፦ ትችላለህ፤ በደንብም ይሠራል። ሚረርለስ ካሜራ መስታወቱ ስለቀረለት ሌንሱ ለሴንሰሩ በጣም ይቀርባል፤ በሶኒ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዜኒት ሌንስ ደግሞ 45 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይፈልጋል። በመካከል ያለውን ክፍተት መስታወት የሌለው ተራ የብረት ቀለበት ይሞላዋል። ከማዘዝህ በፊት የሌንሱን ጥርስ ስፋት በማስመሪያ ለካ፤ ብዙዎቹ 42 ሚሊሜትር ናቸው፣ የቀደሙት ግን 39 ነበሩ። ከገጠምክ በኋላ ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ እንዳያስቸግርህ ከሜኑው ያለ ሌንስ ማንሳትን ፍቀድለት።

ለሌሊት የሚሰጥህ ጥቅም ትልቅ ነው፤ ፎከሱ በእጅ ተዞሮ ባቆምክበት ይቆያል፣ ካሜራውን አጥፍተህ ብታበራ አይንቀሳቀስም። ሙሉ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 58 ሚሊሜትር ለኮከብ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈቅድልሃል፤ በኦሊምፐስ ላይ 4 ሰከንድ ብቻ ነው። አንዳንድ ርካሽ ቀለበት በትክክል ስላልተሠራ ሌንሱ እስከ ሩቁ አይደርስም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ጨረቃን አነጣጥር፣ ጠርዟ ስል ሆኖ ከታየህ ቀለበቱ ደህና ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከሌንሱ በስተኋላ መብራት አብርተህ ከላይ ለእኅትህ የጻፍኩትን ነጭ ሥር ፈልግ፤ የአባትህ ሌንስ ስንት ክረምት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳሳለፈ አናውቅምና።