ከፍራንክፈርት ሮም፣ ከሮም ባርሴሎና፦ የቱ ጋ እንክፈል፣ የቱን እንለፍ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በኦገስት ሦስት ልጆቻችንን ይዘን በራሳችን መኪና መጀመሪያ ሮም እህቴ ጋ፣ ከዚያ ባርሴሎና የባለቤቴ ወንድም ጋ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ያለን ፈቃድ 16 ቀን ነው። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ክፍያ ያለበትን መንገድ የሚያስቀረውን ቁልፍ ተጭኖ “አንድ ዩሮ ሳንከፍል ደርሰን እንመለሳለን” ይላል። እኔ ደግሞ ልጆቹ መኪና ውስጥ ሲንገላቱ ከወዲሁ ይታየኛል። ገንዘቡም ግን ቀላል አይደለም። ምን ይመክሩናል?
የናሆም እናት፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ያችን ቁልፍ አጥፏት። እኔ ለዓመታት ለአበሻ ሱቆች ዕቃ ጭኜ ከጀርመን ኢጣሊያ ተመላልሻለሁ። ስልኩ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን አይለይም። ሦስት ዩሮ ለማዳን ብሎ በየመንደሩ አደባባይ ሲያዞራችሁ ይውላል። ቤንዚኑ ያልቃል፣ ሾፌሩ ይዝላል። ሦስት ልጅ ከኋላ ጭኖ እንቅልፍ የተጫነው ሾፌር ደግሞ እኔን ከምንም በላይ ያስፈራኛል።

ባለቤትሽ ገንዘብ ለማዳን ማሰቡ መልካም ነው። ብቻ የሚዳንበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ እሱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀርመን ውስጥ ለቤት መኪና ክፍያ የለም። መንግሥት ሊጀምር አስቦ ነበር፤ በ2019 የአውሮፓ ፍርድ ቤት አስቀረው። ስለዚህ በኤ5 እስከ ባዝል ኪሳችሁን አትነኩም።

ከዚያ አልፕስ ይመጣል። ስዊዘርላንድ ለቤት መኪና የምትሸጠው የዓመት ቪኜት (የፍጥነት መንገድ መጠቀሚያ ፈቃድ) ብቻ ነው፤ ዋጋው 40 ፍራንክ። ብዙ ሰው “ለአንድ ቀን መተላለፊያ 40 ፍራንክ?” ብሎ ወደ ኦስትሪያ ይዞራል። የኦስትሪያው የ10 ቀን ቪኜት ብቻውን ሲታይ ርካሽ ነው፤ እውነት ነው። ግን ወደ ኢጣሊያ በሚያሻግረው በብሬነር መንገድ ላይ ለብቻው ከ10 ዩሮ በላይ ይጠየቃል። የ10 ቀኑም ለመመለሻችሁ አይደርስም። የስዊዙ ግን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የጎታርድን ዋሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳልፋችኋል። አገልግሎቱ እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ 31 ስለሆነ ከባርሴሎና ስትመለሱም በእሱ ታልፋላችሁ። ለናንተ ጉዞ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ሞንብላን ዋሻን ግን እርሱት፤ አንድ ጊዜ ለማለፍ ብቻ ከ50 ዩሮ በላይ ነው።

ቪኜቱን በኢንተርኔት ስትገዙ ከስዊዘርላንድ ጉምሩክ ገጽ ይሁን። እሱን መስለው የራሳቸውን ኮሚሽን ጨምረው የሚሸጡ ገጾች አሉ። የኢንተርኔቱ የሚመዘገበው በታርጋችሁ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ሳይኖራችሁ ብትያዙ ቅጣቱ 200 ፍራንክ ነው፤ ቪኜቱንም ከዚያ ላይ ትገዛላችሁ።

ደግሞ አደራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎታርድ ጋ አትድረሱ። በኦገስት ቅዳሜ የመኪናው ሰልፍ ከዋሻው በፊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ። ሰልፉ ከበዛ በዚያው ቪኜት በሳን በርናርዲኖ በኩል መዞር ይቻላል።

ኢጣሊያ የሚከፈለው በኪሎ ሜትር ነው። አሠራሩን ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ስትገቡ ትኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ከሚላኖ ሮም በአውቶስትራዳ፣ ማለትም ኤ1 በሚባለው የፍጥነት መንገድ ብቻ ብትሄዱ ከ40 ዩሮ በላይ ነው። እዚህ ጋ የባለቤትሽ ሐሳብ ይሠራል። ከሚላኖ እስከ ቦሎኛ ክፈሉ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የድሮውን መንገድ መያዝ ትርፉ ድካም ነው። ከቦሎኛ በኤ14 ወደ ቼዜና ውረዱና ኢ45 የሚባለውን ያዙ። ከቼዜና በፔሩጃ አድርጎ ኦርቴ ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት መስመር አለው፣ ክፍያ የለውም። አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ተበላሽቷል፤ ጥገናም አያጣውም። ስለዚህ በቀን ንዱት፣ አትቸኩሉ። ኡምብሪያ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። ልጆቹ ያርፋሉ፣ እናንተም በማግስቱ ሮም ለምሳ ትደርሳላችሁ። በአንድ ቀን ሮም ካልገባን ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ፣ በኤ1 ከፍላችሁ ሂዱ።

በመንገድ ክፍያ ያዳኑትን ከተማ ውስጥ በቅጣት የሚያጡ ሰዎች አሉ። ሮምና ፍሎሬንስ መሐል ከተማቸው ፈቃድ ለሌለው መኪና በሰዓት የተገደበ ነው። የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ካሜራ ነው። ዜድ ቲ ኤል (ZTL) የሚል ምልክት ካያችሁ አትግቡ። አንድ ወዳጄ በአንድ ቀን ሁለቴ ገብቶ፣ ከወራት በኋላ ሁለት የቅጣት ደብዳቤ ጀርመን ድረስ መጣለት። መኪናዋን እህትሽ ሰፈር አቁሙና በሜትሮ ግቡ።

ከሮም ባርሴሎና ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የኢጣሊያም የፈረንሳይም ክፍያ አለበት። ከመወሰናችሁ በፊት ከሮም አቅራቢያ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ባርሴሎና የሚሄደውን መርከብ ዋጋ ጠይቁ። መኪናዋን ይጭናል፤ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኦገስት ውድ ነው፤ ቀደም ብሎ ለያዘ ግን ይቀንሳል። ባለቤትሽ የመርከቡን ዋጋ ከመንገድ ክፍያው ጋር ብቻ እንዳያወዳድረው። ቤንዚኑንና የአንድ ሌሊት ሆቴሉንም ይደምርበት። ከተቀራረበ እኔ መርከቡን እመርጣለሁ፤ ባለቤትሽ ተኝቶ ይደርሳል።

በመኪና ከሆነ ከቺቪታቬኪያ በኋላ የባሕሩን ዳር ይዞ በግሮሴቶ በኩል ወደ ሊቮርኖ የሚወጣውን አውሬሊያ የሚባለውን መንገድ ያዙ። አብዛኛው ነፃ ነው፤ ለመንዳትም ምቹ ነው። ከጄኖቫ እስከ ኒስ ግን አደራችሁን ክፈሉ። የአውሬሊያ ስም እዚያም ይቀጥላል፤ መንገዱ ግን ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ ከከተማ ከተማ የሚያስገባ ነው። በኦገስት ለመዝናናት የወጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ የፍጥነት መንገዱን ትታችሁ ናሲዮናል በሚባለው ተራ መንገድ ብትሄዱ በብዙ ቦታ ፍጥነቱ 80 ነው፤ አደባባዩም አያልቅም። እዚያ የማድነው በቤንዚን ነው። የፍጥነት መንገዱ ዳር ያለው ማደያ ውድ ነው፤ ወጣ ብሎ ከሱፐርማርኬት ማደያ ከሌክሌርክ ወይም ከኢንተርማርሼ መቅዳት ይሻላል። መክፈያው ጋ ስትደርሱ ከላይ ብርቱካናማ ‘ቲ’ ብቻ ያለበት ረድፍ ውስጥ አትግቡ፤ መሣሪያ ለገጠሙ መኪኖች ነው። የባንክ ካርድ ምልክት ወይም አረንጓዴ ቀስት ያለበትን ያዙ።

ደስ የሚለው ስፔን ነው። ከድንበሩ ከላ ሆንኬራ ባርሴሎና የሚወስደው ኤፒ-7 ድሮ ያስከፍል ነበር። ከኦገስት 31 ቀን 2021 ማታ ጀምሮ ነፃ ሆኗል። የቆየ ካርታ ወይም የቆየ ዘመድ “ይከፈላል” ቢላችሁ አትስሙ። ባርሴሎና ከመግባታችሁ በፊት ግን መኪናችሁን ለከተማዋ የጭስ ገደብ ቀጠና በኢንተርኔት አስመዝግቡ፤ የውጭ አገር ታርጋ ይጠየቃል።

መመለሻውን በሊዮን አድርጋችሁ በጄኔቭ ስዊዘርላንድ ግቡ። እስከ ጄኔቭ የፈረንሳዩን ትከፍላላችሁ። ከጄኔቭ በበርን ባዝል ድረስ ያ ስትሄዱ የገዛችሁት ቪኜት ይሠራል። ከቤዚየ ወደ ክሌርሞን-ፌራን የሚወጣው ኤ75ም ከሚዮ ድልድይ በቀር ነፃ ነው፤ ብዙ ሰው ይመክረዋል። ለፓሪስ ነዋሪ ጥሩ ነው። ለፍራንክፈርት ሰው ግን ወደ ምዕራብ ያርቃል፤ ልጆቹ ድልድዩን ይዩ ካላላችሁ በቀር አያዋጣችሁም። የፈረንሳይ መንግሥት ቢዞን ፉቴ በሚባለው አገልግሎቱ የየቀኑን መጨናነቅ በቀለም ያወጣል። ጥቁር የተቀባ ቅዳሜ ካያችሁ ባርሴሎና አንድ ቀን ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከማልሞ ሃምቡርግ ለሠርግ እንሄዳለን። የኤረሱንድ ድልድይ ዋጋ አስደነገጠን። ሌላ መንገድ አለ?
ሁለት ጓደኛሞች፣ ከማልሞ

መልስ፦ ልጆቼ፣ ድልድዩ ለአላፊ አግዳሚ ውድ ነው። የዓመት ውል ለያዘ ግን ዋጋው ከግማሽ በላይ ይወርዳል። የዓመቱን ክፍያ ጨምራችሁ ለደርሶ መልሱ አስሉት፤ በዓመቱ ውስጥ ኮፐንሃገን ብቅ የምትሉ ከሆነ ጭራሽ አታመንቱ። ከኮፐንሃገን ወዲያ በታላቁ ቤልት ድልድይ አትዙሩ። ሁለተኛ ክፍያ ነው፤ ርቀቱም ይጨምራል። ከዴንማርኳ ሮድቢ ጀርመን ፑትጋርደን 45 ደቂቃ የሚወስደው ጀልባ ይሻላችኋል። የድልድዩንና የጀልባውን ትኬት አንድ ላይ የሚሸጡበት ጊዜም ስላለ ለየብቻ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁ። በሌሊት መጓዝ ከቻላችሁ ደግሞ ከትሬለቦርግ ትራቨሙንደ የሚሄደውን መርከብ እዩ፤ ሌሊቱን ተኝታችሁ ጠዋት ሃምቡርግ አጠገብ ትወርዳላችሁ።