ከሰሉ ቢፋምም አደጋው አለ፦ ስለ ሳንባና አተነፋፈስ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ እናቴ ከሰሉን ውጭ ታቀጣጥልና ጭሱ ሲያልቅ ፍሙን ይዛ ትገባለች። በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ጠዋት ስነሳ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ታናሽ እህቴን ደግሞ ያስመልሳታል። እናቴ ግን «ጭስ የለው፣ ምን ያደርጋችኋል? ብርድ መቷችሁ ነው» ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ነሽ ልክ። ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ እንቅልፍ ቢወስድሽ እንኳ አንዲት ነገር ያዢልኝ፦ ያ ምድጃ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እናንተ በምትተኙበት ክፍል እንዳያድር።

እናትሽ ጭሱን ውጭ የሚያስጨርሱት ለእናንተ ብለው ነው፣ ጥቅምም አለው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያስላል። ችግሩ ገዳዩ ሌላ መሆኑ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ዓይን አያስለቅስም። ቀልቶ የፋመው፣ አንዲት የጭስ ክር የማይታይበት ፍም ይህን ጋዝ እንደ ጉድ ያወጣል።

ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት አየሩን ተከትለን ወደ ውስጥ እንግባ። በአፍንጫ የገባው አየር በጉሮሮና በማንቁርት አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል። ቧንቧዋ ርዝመቷ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ለሁለት ትከፈላለች፣ አንዷ ወደ ቀኝ ሳንባ፣ ሌላዋ ወደ ግራ፤ እያንዳንዷ ደግሞ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ 23 ጊዜ ያህል እየተከፈለችና እየቀጠነች ሄዳ መጨረሻዋ ላይ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይገኛሉ። አንድ አዋቂ ሰው እነዚህ ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሉት። ሁሉም ተዘርግተው ቢለኩ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ግድግዳቸው ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው፤ ከወዲያ በኩል ደም ያልፋል። ኦክስጅን በዚያ ስስ ግድግዳ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደም ወጥቶ ከምናወጣው ትንፋሽ ጋር ይሄዳል። የሳንባ ሥራ በአጭሩ ይኸው ልውውጥ ነው።

ኦክስጅኑን ተቀብሎ የሚያዞረው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም እዚያው ቦታ ላይ ይጣበቃል፣ ያውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ። አንዴ ከተጣበቀ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ሳንባሽ ደህና ነው፣ ልብሽ ደህና ነው፣ ትንፋሽሽ ይመላለሳል፣ ደምሽም ይዞራል፤ ግን አንጎልሽ የሚፈልገውን ኦክስጅን ያህል አያገኝም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። እስቲ ትንፋሽሽን ያዢ። ትንሽ ቆይቶ የሚያስጨንቅሽ፣ «ተንፍሺ!» ብሎ የሚያስገድድሽ ስሜት በዋናነት ከኦክስጅን ማነስ የሚመጣ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደምሽ ውስጥ ስለተጠራቀመ ነው። አንጎል ግርጌ ላይ ያለው የአተነፋፈስ መቆጣጠሪያ በዋናነት የሚለካው እሱን ነው። ከሰል ያለበት ቤት የተኛ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣቱን አላቆመም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ላይሰማ ይችላል። «ከሰል አፍኗቸው ሞቱ» እንላለን እንጂ ብዙዎቹ የመታፈን ስሜት እንኳ ሳይሰማቸው ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፤ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ራስን መሳት።

በኮቪድ ጊዜ ብዙ ሰው የገዛትን፣ ጣት ላይ የምትደረገዋን የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ አትመኗት። ሄሞግሎቢኑ የያዘው ኦክስጅን ይሁን ካርቦን ሞኖክሳይድ ለይታ ስለማታውቅ፣ ሰውየው እየተመረዘ 98 ልታሳይ ትችላለች።

የቤቱ ሰው በሙሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ወጥቶ ሲናፈስ ደግሞ ቀለል ካለው፣ ያ ጉንፋን አይደለም። በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፣ ምድጃውም ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። እዚያ ስትደርሱ «ከሰል ቤት ውስጥ ነበር» ብላችሁ መናገር አትርሱ፣ ካልነገራችኋቸው ባለሙያዎቹም ላይጠረጥሩት ይችላሉ። ተራ አየር እየሳብን ጋዙ ከደም በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹህ ኦክስጅን በማስክ ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ካለች ደህና ነኝ ብትልም ትሂድ፣ ጽንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

እናትሽን በክርክር ሳይሆን ይህን አንብበሽላቸው አሳምኛቸው። ቤቱን ማሞቅ ካስፈለገ ሰው ነቅቶ እያለ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ምድጃው ውጭ ይደር። በር ገርበብ አድርጎ መተኛት አያድንም።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ዱባይ ሠርቼ በቅርቡ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ ነው። ዳገቱን ስወጣ ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልብ በሽታ ይዞኝ ይሆን? ወይስ እዚህ ኦክስጅን የለም?

መልስ፦ እንኳን ለአገርህ አበቃህ ወንድሜ። ኦክስጅን አለ። ዱባይም ሆነ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው።

ሳንባ የራሱ ጡንቻ የለውም። የሚያሠራው በዋናነት ከሥሩ ያለው ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ ነው፣ የጎድን አጥንት መሐል ያሉትም ያግዙታል። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍተው አየር ራሱ እንደሚገባ ሁሉ፣ ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ ደረትህ ይሰፋል፣ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ አየሩም ይገባል። እንግዲህ ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ጊዜ ስትስብ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሰውነትህ ዝም ብሎ አያይም። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎና ጠለቅ አድርጎ ያስተነፍስሃል፣ ልብህም ይፈጥናል። በጎን ኩላሊትህ መልእክት ልኮ መቅኔህ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ያዛል፣ ይህኛው ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዳገቱን ቀስ እያልክ ውጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ በአንዴ የድሮውን ጉልበት አትጠብቅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም፣ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ገበሬዎች ደም ተመርምሮ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው ጨምሮ ነው። የቲቤቶቹ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የሰሜኖቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ያ ሁሉ ዳገት ላይ ሆነው!

ወደ አንተ ልመለስ። ተቀምጠህ እያለህ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ጋደም ስትል ከባሰብህ፣ እግርህ ካበጠ፣ ደረትህን ካመመህ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካየህ ከፍታው ነው ብለህ አትቀመጥ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይህ። እነዚህ ባይኖሩም ከወር ከሁለት ወር በኋላ ለውጥ ካጣህ ደምህንና ልብህን ተመርመር፣ የደም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ በአፍንጫ መተንፈስና በአፍ መተንፈስ ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያስቀርልሃል። አፍ ይህን አያደርግም። ስትሮጥ ወይም ሸክም ስትሸከም በአፍህ ብትተነፍስ ምንም ችግር የለውም፤ ሌሊት ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ልጅ ካለ ግን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ቆሎ ሲበላ ትን አለው። ብዙ ሳለና ተወው፣ እኛም ደህና ሆነ ብለን ተውነው። ሦስት ቀን ሆነው፣ ሲተነፍስ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አለው። አያቱ ጉንፋን ነው ይላሉ።

መልስ፦ ዛሬ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ነገ አትበይ።

ምግብና አየር ጉሮሮ ላይ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ስንውጥ ማንቁርት ላይ ያለች ክዳን የአየሩን መንገድ ትዘጋለች። ልጅ እያኘከ ሲስቅ፣ ሲሮጥ ወይም ሲያለቅስ ግን አየር መሳቡ ከመዋጡ ጋር ይገጥምና ፍሬዋ ወደ አየር ቧንቧ ትገባለች። ትን ሲለን «ማን ስሜን አነሳው» እንላለን፤ ነገሩ ሰውነት መንገዱን ለማስከፈት የሚያደርገው ትግል ነው። ቧንቧዋ ለሁለት ስትከፈል የቀኟ ሰፋ፣ አጠር፣ ቀጥ ያለች ስለሆነች ፍሬ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይወርዳል። ታች ከገባ በኋላ ሳሉ ጋብ ይላል። ብዙ እናቶችን የሚያዘናጋው ይህ ጸጥታ ነው። ፍሬው እዚያው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ከበስተኋላው ያለው ሳንባ ይቆጣል፣ በኋላም የሳንባ ምች ይከተላል።

ለሐኪሙ ቆሎ ሲበላ ትን እንዳለው፣ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ፉጨቱ እንዳልነበረ በግልጽ ንገሪው። ሽንብራና ኦቾሎኒ ራጅ ላይ ስለማይታዩ «ራጁ ምንም የለውም» ብትባዪ እንኳ በዚያ ብቻ አትመለሺ። ካለ በካሜራ መሣሪያ ገብተው ያወጡታል።

ለሌሎቻችሁም ልንገር፦ ትን ያለው ልጅ ጮክ ብሎ የሚያስል ከሆነ ይሳል፣ አትንኩት። ድምፁ ከጠፋ፣ ፊቱ ከጠቆረ ወደ ፊት አጎንብሱትና ትከሻዎቹ መሐል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ፣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ግን ሆዱን አትጫኑ፣ ጀርባውን መትታችሁ ደረቱ መሐል በሁለት ጣት ግፉ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገባል። ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ባይሰጥ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ወሯ ነው። ስትጠባ አልፎ አልፎ ታስላለች። አማቴ «እንጥሏ ወርዷል፣ ካልተቆረጠ ያንቃታል» ብለው የሚቆርጡ ሴትዮ ሊያመጡ ነው። እንዴት እምቢ ልበል?

መልስ፦ እምቢ በይ፣ እኔም ከጎንሽ ነኝ።

እስቲ መስታወት ፊት አፍሽን ከፍተሽ «አ» በይ። እንጥልሽ ወደ ላይ ስትሰበሰብ ታያለሽ። የተንጠለጠለችበት የላንቃ ለስላሳ ክፍል ነው የሚያነሳት። ስንውጥም እንዲሁ ተነስቶ የአፍንጫን በር ይዘጋል፣ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ። ሕፃን ስትታመምና ጉሮሮዋ ሲቆጣ እንጥሏም ትቀላለች፣ ልታብጥም ትችላለች። አማትሽ ያዩት ቅላት ውሸት አይደለም፣ ግን የሳሉ ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም። ብትቆረጥ ሳሉ እዚያው አለ፣ ሕፃኗ ግን ደም ሊፈሳት፣ ልትመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዛት፣ በስለቱም ኤችአይቪ ሊተላለፍባት ይችላል።

አማትሽን «እማዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት» ብለሽ አብረሻቸው ሂዱ። የሐኪሙን ቃል ራሳቸው ቢሰሙ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ወተቱ በኃይል ሲፈስ ወይም አፍንጫዋ ሲታፈን ነው ሕፃን ስትጠባ የምታስለው። ቀና አድርገሽ አጥቢያት፣ መሐል መሐል አሳርፊያት።

እስከዚያ ድረስ ግን ትንፋሿን ቁጠሪ። ሳታለቅስ፣ ረጋ ብላ እያለች ልብሷን ገለጥ አድርገሽ ደረቷን እያየሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። አየር ስትስብ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ጡት መያዝ ካቃታት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ውጪ።