ጳጳስ ሰይፍ ይታጠቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። በካቴድራሉ ዕቃ ቤት የሊቀ ጳጳስ ኤንግልበርትን የብር ሣጥን አይቼ ልሰግድ ስል ጓደኛዬ «እሱ እኮ ጦር የሚያዘምት መስፍን ነበር» አለችኝ። ጳጳስ ሰይፍ ይታጠቃል? ብሰግድስ ነውር ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛሽ አልዋሸችሽም። የጀርመን ነገሥታት ለጳጳሳት ግዛት የሚሰጡት በብልሃት ነበር፤ ጳጳስ ልጅ ስለሌለው ሲሞት ርስቱን ይገባኛል የሚል ወራሽ አይነሣም። ከ1180 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ የዌስትፋሊያም መስፍን ነበር። ኤንግልበርት ከበርግ መሳፍንት ቤት ተወልዶ፣ በመንበር ጠብ አንድ ጊዜ ተወግዞ ተመልሶ፣ በ1216 ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በ1220 የጀርመን ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ልጁንና አገሩን አደራ ሰጠው።

የሐዋርያት ቀኖና ግን ክህነትንና የጦር ሹመትን አንድ ላይ የያዘ ይሻር ይላል። ስለዚህ አይታጠቅም። (ለመፍረድ ግን አንቸኩል፤ በዚያው ዘመን እኛም ዘንድ እንደ ላሊበላ ንጉሥም ካህንም የሚባሉ ነበሩን። የእኛዎቹ ከዙፋን ወደ መቅደስ ገቡ፣ የእነርሱ ከመቅደስ ወደ ጦር ሜዳ ወጡ።)

አሟሟቱ ሌላ ነው። ዘመዱ የኢዘንበርግ ፍሬድሪክ የኤሰን ገዳም ጠባቂ ተብሎ ሳለ መነኮሳይያቱን ይበዘብዝ ነበር፤ ኤንግልበርት ተው አለው። ኖቬምበር 7 ቀን 1225 ሽቬልም ቤተ ክርስቲያን ሊባርክ ሲጓዝ ጌቬልስበርግ አጠገብ የፍሬድሪክ ሰዎች ከበቡት። ሬሳው በፍግ ጋሪ ተጭኖ ኮሎኝ ሲገባ 47 ቁስል ተቆጠረበት። ፍሬድሪክ በዓመቱ በመንኮራኩር ተሰባብሮ ተገደለ። የሙንስተርና የኦስናብሩክ ጳጳሳት የነበሩት ወንድሞቹም እጃቸው አለበት ተብለው ተሻሩ።

ገድሉን የጻፈው መነኩሴ፣ የሃይስተርባኩ ቄሳርዮስ፣ በሕይወቱ የጎደለውን ቅድስና ሞቱ ሞላለት ይላል። የገድል ጸሐፊ እንዲህ ሲል ብዙ አላጋጠመኝም።

ወደ ስግደቱ ስንመጣ፣ ከኬልቄዶን ጉባኤ (451) ወዲህ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የተነሣን፣ በስንክሳራችን የሌለን ሰው በቅዱስነት አንማጸንም። ለሣጥኑ አትስገጂ። ዕቃ ቤቱን መጎብኘት ግን አያረክስሽም፤ ገብተሽ እይው፣ ለጓደኛሽም የመነኮሳይያቱን ነገር ንገሪያት፤ እሷ የነገረችሽ ግማሹን ነው።